ቆመሽ ካየሁሽ

ልብስ ሰፊዋ ከአጥሩ ሥር በተደረደሩት የአሸዋ ጆንያዎች ላይ ወጥታ፣ ቢጫ የዝናብ ካፖርቷን እስከ አገጯ ቆልፋ ቁጭ ካለች ቆይታለች። መነሳት የለባትም። እግሯ ጤነኛ ነው፤ ወገቧም ስፌት መኪና ላይ ስታጎነብስ ዕድሜዋን ብትፈጅም ገና አልከዳትም። የማትነሳው ወንድሟ ስለሚያያት ነው። ቁጭ ካለች ይነዳል፣ ከተነሳች ይቀንሳል። የሁለቱ ውል ይኸው ነው።

ውሉ የመጣው አምና ነው። ሞተረኞቹ የሚወዳደሩበት ሰፊ ግቢ ድሮ የጭነት መኪና ማደሪያ ነበር፤ አሁን የሚሽቀዳደሙበት ትንንሽ ሞተር ያላቸው የሰፈር ሰዎች ናቸው። ከመጨረሻው ኩርባ በላይ አንድ የተደፈነ ቱቦ አለ። ዝናብ በጣለ ቁጥር ቱቦው ይሞላና ውሃው አስፋልቱ ላይ ይለቀቃል። አምና ወንድሟ እዚያ ውሃ ላይ ተንሸራቶ የትከሻ አጥንቱን ሰበረ። አጥንቱ እስኪገጥም ልብ ይገዛል ብላ ነበር። እሱ ግን ከፋሻው ሳይላቀቅ ሌላ ሐሳብ ይዞ መጣ።

«እትዬ፣ በዝናብ ሄልሜት ውስጥ ሆኜ ውሃው የት እንደደረሰ አይታየኝም» አላት። «አንቺ ግን ትታዪኛለሽ። ካፖርትሽ ቢጫ ነው። ተቀምጠሽ ካየሁሽ ውሃው መንገዴ ላይ አልመጣም እላለሁ። ቆመሽ ካየሁሽ መጥቷል ማለት ነው፣ እቀንሳለሁ።»

«እጄን ባወዛውዝልህስ?»

«እዚያ ያለው ሰው ሁሉ እጁን ያወዛውዛል። የትኛውን እጅ ልመን?»

ተስማማች። ምን ታድርግ? እናታቸው ስትሞት እሱ የወተት ጥርሱን እንኳ አልነቀለም ነበር፤ አጥባና አልብሳ ያሳደገችው እሷ ናት። እምቢ ብትለው ያለ እሷ እንደሚነዳ ታውቃለች። ያለ እሷ ከሚነዳ በእሷ ዓይን ቢነዳ ይሻላል ብላ ራሷን አሳመነች።

ሰፈሩ «ቁንጫ» ይለዋል። አጭርና ቀጭን ነው፤ ደግሞ አንድ ቦታ አይረጋም። ሥራው ፍሪጅ መጠገን ነው። ሞተሩ ለመድኃኒት ቤት እሽግ ስታመላልስ ያረጀች መቶ ሃያ አምስት ሲሲ ናት፤ ድምጿ ከእህቱ ስፌት መኪና እምብዛም አይበልጥም። ግን በእርጥብ አስፋልት ላይ ማንም አይደርስበትም። ከባዶቹ ሰዎች ሲንሸራተቱ እሱ ሹልክ ብሎ ያልፋል።

ኩርባው ላይ አሮጌ ስንጥቅ የተደፈነበት የሬንጅ መስመር አለ። የልብስ ሰፊዋ ምልክት እሱ ነው። ውሃው ከሬንጁ ወዲያ እስካለ ትቀመጣለች፤ ሬንጁን ከተሻገረ ትነሳለች። ከዚህ የቀለለ ሥራ የለም። እሷ ግን ባለፈው ወር አበላሸችው። ያን ቀን ከወንድሟ ፊት አንዱ ሞተረኛ ተንሸራቶ ሳር ውስጥ ገባና ልቧ ስፍራውን ለቀቀ። ውሃው ሬንጁ አጠገብም ሳይደርስ ብድግ አለች። ወንድሟ ቀነሰ፣ የነበሩትም ሁሉ አለፉት፣ ጭራ ሆኖ ገባ።

ቤት ሲመለሱ ይጮህብኛል ብላ ጠበቀች። አልጮኸም። ጓንቱን ወንበር ላይ እያሰጣ በቀስታ «እትዬ፣ እኔ ፍርሃትሽን አልጠየቅኩሽም» አላት። «ውሃውን ብቻ ንገሪኝ።»

ቢሰድባት ይሻላት ነበር። ከዚያ ወዲህ ለፍርሃቷ ላትነሳ ለራሷ ቃል ገብታለች።

ዛሬ ዝናቡ ከማለዳ ጀምሮ ያለ ፋታ ይወርዳል። ስትመጣ ቱቦውን አየችው፤ ቅጠልና ፌስታል አፉን ደፍኖታል። ውድድሩን በባንዲራ ለሚመራው ሰውዬ ሄዳ ነገረችው። ሰውዬው ጃንጥላው ሥር ሆኖ ሳቀባት።

«እህቴ፣ ዝናብ ነዋ። ከውሃ ሌላ ምን እንዲፈስልሽ ፈለግሽ?»

በእንጨት ልትጎረጉረው ሞከረች፣ እንጨቱ ተሰበረ። ስትመለስ ደግሞ ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ የሆነውን ሥጋ ሻጩን አገኘችው። ሥጋ ሻጩ ግዙፍ ሰው ነው፤ ሞተሩ ላይ ሲወጣ ሞተሩ ከሥሩ አትታይም። ክፋት የማያውቅ፣ ሲስቅ ሰፈር የሚሰማው ሰው ነው።

«እትዬ፣ ዛሬ ከወንድምሽ ጭራ አልለይም» አላት። «በዚህ ዝናብ እኔ እንኳን መንገዱን የራሴንም እጅ አላይም። የኋላ መብራቱን ይዤ መከተል ነው። ቁንጫ ያየውን እኔም አየሁት ማለት ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ክው አለች። ወንድሟ የሚያየው እሷን ነው። ስለዚህ ዛሬ ሁለት ሰው በእሷ ዓይን ሊነዳ ነው። ይህን ለሥጋ ሻጩ ልትነግረው አፏን ከፈተች። ግን ውሉ የወንድሟ ምስጢር ነው፤ ደግሞም ሥጋ ሻጩ ሄልሜቱን አጥልቆ ነበር። ምንም አይፈጠርም ብላ ተወችው።

ውድድሩ ተጀመረ። ከጆንያዎቹ በታች፣ ከእሷ ፊት፣ የሰፈር ሰዎች ሰማያዊ ሸራ በራሳቸው ላይ ዘርግተው ቁጢጥ ብለዋል። ፀጉር አስተካካዩ አለ፣ ጎረቤቷ አለች፣ ከወንድሟ ጋር የሚሠሩትም አሉ። ሸራው ዝቅ ያለ ስለሆነ ሬንጁ ይታያታል። ዙሩ በተጠናቀቀ ቁጥር ሞተሮቹ ውሃ እየረጩ ከኩርባው ብቅ ይላሉ፣ ወንድሟ ሄልሜቱን ወደ እሷ መለስ ያደርጋል፣ ቢጫው ቁጭ ማለቱን ያያል፣ ያልፋል። አራተኛ ነበር፣ ሦስተኛ ሆነ። ቀጥሎ ሲመጣ ከፊቱ ሰው አልነበረም።

ቁንጫ መሪ ሆኖ አያውቅም። ሸራው ሥር ያሉት በጩኸት አበዱ። ከኋላው፣ እግር በእግር፣ ሥጋ ሻጩ ተለጥፎበታል። ልብስ ሰፊዋ ደስታው አልመጣላትም። ዓይኗን ሬንጁ ላይ ተክላለች። ውሃው እየሰፋ ነው። መጀመሪያ ከሬንጁ በሰፊው የራቀ ነበር፤ አሁን በመካከላቸው የቀረው አንድ ጫማ እንኳ አያስቀምጥም።

«አልነሳም» አለች ለራሷ። «ሳይሻገር አልነሳም።»

የመጨረሻው ዙር መሆኑን የሚያሳውቀው ደወል ተደወለ። ይሄኔ ፀጉር አስተካካዩ መታገሥ አቃተውና ብድግ አለ። እሱ ሲነሳ ሁሉም ተነሳ፤ ሸራውም አብሯቸው ተነሳ። ከልብስ ሰፊዋ ፊት ሰማያዊ ግድግዳ ቆመ። ሬንጁ ጠፋ፣ ውሃው ጠፋ፣ ኩርባው ጠፋ።

«ተቀመጡ!» አለች። ማን ይስማት። «ኧረ ተቀመጡ፣ ሸራውን አውርዱት!»

ፀጉር አስተካካዩ ወደ ኋላ ዞሮ «እትዬ፣ ሊያሸንፍልሽ'ኮ ነው!» ብሎ ሳቀላትና ተመልሶ ዞረ።

የሞተሮቹ ድምፅ ከግቢው ማዶ ተሰማ። በግራ ዘንበል አለች፣ ሸራ ነው። በቀኝ ዘንበል አለች፣ ሸራ ነው። ውሃው አሁን የት ደርሷል? ከተሻገረና እሷ ቁጭ ካለች በገዛ እጇ ገደለችው ማለት ነው። ድምፁ ቀረበ። ባለፈው ወር ብድግ ያደረጋት ነገር ዛሬም ካልተነሳሽ አላት። ፍርሃት ነው ወይስ ውሃ? አንዴ ካየች ታውቃለች። ማየት ብቻ ነው የምትፈልገው።

ለማየት ተነሳች።

ከሸራው በላይ ሬንጁ ጥቁር ሆኖ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ጥርት ብሎ ታያት። ውሃው አልተሻገረም። እዚያው ጠርዙ ላይ ቆሟል። «ተመስገን» ብላ ተነፈሰች። ከዚያ መቆሟን አወቀች።

ዱብ ብላ ተቀመጠች። ግን ወንድሟ ከኩርባው ብቅ ብሎ ሄልሜቱን ወደ እሷ መልሶ ነበር። ያየው ከሸራው በላይ የቆመ ቢጫ ነው። ሊጠራጠር ምክንያት አልነበረውም። ፍሬን አልነካም፤ እርጥብ ላይ ፍሬን እንደማይነካ ያውቃል። ጋዙን ብቻ ለቀቀ። ፍሬን ስላልነካ የኋላ መብራቱም አልደመቀም፤ መብራቱን ተከትሎ የሚመጣው ሥጋ ሻጭ ምንም የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

የግጭቱ ድምፅ እንደ ጠረጴዛ መውደቅ ነበር፤ ያን ያህልም አልጮኸም። ሁለቱ ሞተሮች ተቆላልፈው ሬንጁን እየፋቁ አለፉ። ሰማያዊው ሸራ ከሰዎቹ እጅ ወደቀ።

ልብስ ሰፊዋ አጥሩን እንዴት እንደተሻገረች አታውቅም። ስትደርስ ወንድሟ በጀርባው ተኝቷል፤ ዓይኑ ተከፍቷል፣ ነፍሱ አለች። ሥጋ ሻጩ አጠገቡ ተንበርክኮ፣ አፍንጫው እየደማ፣ ለመጣው ሰው ሁሉ ያንኑ ይደጋግማል።

«ለምን ቀነሰ? ምንም አልነበረም'ኮ። ለምን ቀነሰ?»

ለውድድሩ የተመደበው ነርስ ሄልሜቱን ሳይነካ በወንድሟ ላይ አጎነበሰ።

«እግሬ ላይ የተቀመጠውን ሰው አንሱልኝ» አለ ወንድሟ።

እግሩ ላይ ማንም አልተቀመጠም። ነርሱ ጫማውን በጣቱ ጫን አደረገ፣ ሌላውንም ጫን አደረገ፤ ከዚያ ቃሬዛ ለያዘው ጓደኛው በዓይኑ ብቻ አንድ ነገር ነገረው። ልብስ ሰፊዋ አየችው።

«እትዬ አለሽ?»

«አለሁ፣ የኔ ጌታ። እዚህ ነኝ።»

«ውሃው ተሻግሮ ነበር አይደል?»

ዞራ አየች። ሬንጁ ሞተሮቹ ከጫሩት በቀር ደህና ነው። ውሃው ከወዲያ በኩል፣ ቅድም የነበረበት ቦታ ላይ ነው።

«ተሻግሮ ነበር» አለች።

«አውቄያለሁ። በፍርሃት እንደማትነሺ አውቄያለሁ።» ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ባትነሺልኝ ኖሮ አልቆልኝ ነበር።»

ሥጋ ሻጩ ይህን ሰምቶ መደጋገሙን አቆመ። መጀመሪያ እሷን አየ፤ ቀጥሎ ወደ አስፋልቱ ዞሮ ሬንጁንና ውሃውን ረጅም ጊዜ አየ። ልብስ ሰፊዋ ከወንድሟ ራስጌ እርጥቡ መሬት ላይ ቁጭ አለች።