ይነሳ የምትሉ ተነሱ

እኔ መረብ ሰፊ ነኝ፣ ባሌ ዓሣ አስጋሪ። እሱ ይቀድዳል፣ እኔ እሰፋለሁ። ስለ መረቡ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ወሬም ሲቀድድ የሚሰፋለት የለም ከእኔ በቀር።

ባለፈው ወር መንግሥት ማስታወቂያ ለጠፈ። ዓሣ በሚራባበት ወራት ሐይቁ ዳር ባለው ሸምበቆ ውስጥ ማስገርን የሚከለክለው ሕግ ሊነሳ ስለሆነ ሕዝብ ይወያይበት ይላል። ምክንያቱን ሳነብ ደሜ ፈላ። ዓሣው ስለበዛ ነው አሉ! ኧረ ጉድ! የበዛው እኮ ክልከላው ስላለ ነው። አይጥ ጠፋ ብሎ ድመቷን ማባረር ማለት ይኼ ነው።

ክልከላው ሳይመጣ በፊት ሐይቁ ባዶ ሆኖ ያውቃል። ያኔ ባሌ ጀልባውን ገልብጦ ሩቅ ከተማ ሲሚንቶ ሊሸከም ሄደ። ዓመት ሙሉ እኔና አማቴ ገበታ ላይ ተፋጠን ከረምን። በሩ ኮሽ ባለ ቁጥር እሳቸው ቀና ይላሉ፤ እኔም ቀና እላለሁ፤ ነፋስ ነው። አላፍርበትም፣ ባሌ ናፍቆኝ ብዙ አልቅሻለሁ። ሁለተኛ ቤቴን እንደዚያ ሆኖ ማየት አልፈልግም።

እሱ ግን አሁን የአስጋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር ነው።

«አባላቱ ይነሳ ብለዋል፤ እኔ ምን ላድርግ?» አለኝ።

«ሊቀመንበር ነህ ወይስ ወንበር? የፈለገው ሁሉ የሚቀመጥብህ?»

«ሐይቁ አይነጥፍም፤ አታስቢ» አለና የጆሮውን ጫፍ ጎተተ። ባሌ ሲዋሽ ጆሮውን ይጎትታል። ይህን የምናውቀው እኔና የወለዱት እናቱ ብቻ ነን።

የስብሰባው ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣው ሰብሳቢ ከረቫቱን አሥሬ እያስተካከለ፣ ማይክሮፎኑም እየጮኸበት ውይይቱን ከፈተ። መጀመሪያ የተነሳው ሞተር ጠጋኙ ነበር፤ ነገር የማያልቅበት ሰው።

«ዓሣ እንደሆነ ይዋለዳል» አለ። «ለመዋለድ የእኛን ፈቃድ ይጠይቃል እንዴ?»

ሰዉ ሳቀ። እኔ መች አስችሎኝ! ብድግ አልኩ።

«አይጠይቅም! ግን ባልና ሚስት መኝታ ቤት ሲገቡ በሩን ዘግተህላቸው ትሄዳለህ እንጂ መረብ ይዘህ ትገባለህ?»

አዳራሹ ሊፈርስ ደረሰ። ባሌ በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ፤ ትከሻው ግን በሳቅ ይርገፈገፋል።

ብዙ ከተከራከርን በኋላ ሰብሳቢው ሰለቸው መሰለኝ፣ «በቃ፣ ድምፅ እንስጥ። ክልከላው ይነሳ የምትሉ ተነሱ!» አለ።

በዚህ ቅጽበት በሩ ተከፈተና አማቴ ከዘራቸውን ይዘው ገቡ። አማቴ ዕድሜ ልካቸውን አዋላጅ ነበሩ፤ አዳራሹ ውስጥ ካለው ሰው ግማሹን የተቀበሉት በእጃቸው ነው። ታዲያ ማን ይቀመጣል? ሁሉም ከወንበሩ ብድግ አለ። እኔም ጭምር!

«በሙሉ ድምፅ!» አለ ሰብሳቢው ዓይኑ እየበራ። «እንዲህ ያለ ስምምነት አይቼ አላውቅም!»

«ኧረ አንተ ሰው፣ ለእሳቸው ነው የተነሳነው!» ብዬ ጮኽኩ። «እኛ ተነሳን እንጂ ሕጉ ይነሳ አላልንም!»

ሳቁ ጋብ እስኪል አማቴን አምጥተን ፊት ለፊት፣ ልጃቸው አጠገብ አስቀመጥናቸው። ሰብሳቢው ላቡን ጠረገና እንደገና ጠየቀ። አስጋሪዎቹ ሁሉ ባሌን አዩ፤ እሱ ከተነሳ ይነሳሉ። ባሌ የጆሮውን ጫፍ ጎተተ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ተነሳ። ከኋላው ወንበሮች መንቋቋት ጀመሩ።

አማቴ የኮቱን ጫፍ ያዙ። «ተቀመጥ ልጄ፤ እኔ ቦታ አግኝቻለሁ።»

«እማዬ፣ ለሱ እኮ አይደለም፤ ድምፅ እየሰጠን...»

«ተቀመጥ አልኩህ!»

ትልቁ ሊቀመንበር ዱብ ብሎ ተቀመጠ። ብድግ ማለት የጀመሩት አስጋሪዎች ተያዩና እነሱም ቀስ በቀስ ወረዱ። ሞተር ጠጋኙ ብቻውን ቆሞ ቀረ።

«እኔ እንኳ ወገቤን ላፍታታ ብዬ ነው» አለና ተቀመጠ።

ሰብሳቢው ሕዝቡ ክልከላው ይቆይ ማለቱን መዝግቦ፣ ከረቫቱን ፈትቶ ሄደ። ደስታዬን የት ላድርሰው! የማላውቀውን ሰው ሁሉ ሳምኩ።

ወደ ቤት ስንመለስ ባሌ የተቆጣ መስሎ ያጉረመርማል። «እማዬ፣ ጆሮሽን ሐኪም ማየት አለበት።»

አማቴ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተክለው ቆሙ።

«ጆሮዬ ምንም አልሆነ። አንዴ ሸኝቼሃለሁ፤ ሁለተኛ የምሸኝበት ጉልበት የለኝም። ተቀመጥ ያልኩህ ወንበሩ ላይ መሰለህ?»

ባሌ ክንዳቸውን ያዘ።

«እሺ እማዬ፣ እቀመጣለሁ» አለ።

እኔ የማየው እጁን ነበር። ወደ ጆሮው አልሄደም።