ብቻውን ያነበበው ገጽ

"ቀስ ብለህ፣ አትቸኩል። እኔም አብሬህ አነባለሁ" አለ መርፌ ሰኪው፣ ከብረት በያጁ ወንበር ኋላ ቆሞ።

በያጁ ወረቀቱን አነሳ። ጆሮውና እጁ ላይ የተሰኩት ቀጫጭን መርፌዎች ያሳክኩታል። ዛሬ የመጨረሻው ንባብ ነው። ጥናቱ አዋቂ ተንተባታቢዎችን በመርፌ ማዳን ይቻል እንደሆነ የሚፈትሽ ነው፤ ፊት ለፊቱ የተቀመጠችው አጥኚ ምላሱ በተያዘ ቁጥር መቁጠሪያዋን ቀጭ ታደርጋለች። ውጤቱ ካማረ ሆስፒታሉ ለመርፌ ሰኪው የራሱን ክፍል ይሰጠዋል። ሰውየው በሩ ላይ የሚለጠፈውን ጽሑፍ ከወዲሁ አሠርቶ ጨርሷል አሉ።

በሦስተኛው ሳምንት በያጁ የሰባት ዓመት ልጁን ይዞ መጥቶ ነበር። መርፌ ሰኪው ወደ ልጅቷ ዞሮ፣ "አባትሽ ሰነፍ ነው፤ መዳን አይፈልግም" አላት እየሳቀ። መንገድ ላይ ልጅቷ፣ "አባዬ፣ ለምን እምቢ አልክ?" አለችው። አርባ ዓመት ሙሉ ሲሳቅበት ኖሮ ለምዶታል። በልጁ ፊት የተባለችው ይህቺ ቃል ግን ከጉሮሮው አልወርድ አለች። በመርፌ ሰኪው ላይ ቂም ያዘ፤ ደስ እያለው ያዘ።

አንድ እሑድ ልጁ የትምህርት ቤት መጽሐፏን ስታነብ አብሯት አነበበ። ምላሱ አንዴም አልተያዘም። እሷ ዝም ስትል ተያዘ፤ ደግማ ስትጀምር ተፈታ። መርፌ ሰኪው "ላበረታታው" እያለ በየንባቡ ከኋላው የሚያነበንበው ለካ ለዚህ ኖሯል! በያጁ ለማንም ሳይተነፍስ ይህችን ቀን ጠበቀ።

"ብ... ብቻዬን ላንብብ" አለ አሁን። "አ... አብሮኝ ሲያነብ አልንተባተብም። ከ... ከልጄም ጋር እንደዚያው ነው። መ... መርፌው አይደለም።"

"አትስሚው፣ ፈርቶ ነው!" አለ መርፌ ሰኪው።

አጥኚዋ ፊቷ ተለወጠና ወደ መርፌ ሰኪው ዞረች። "እርስዎ ውጭ ይጠብቁን።"

"ይ... ይቆይ። አ... አፉን ዘግቶ ይስማ።"

አነበበ። ቀጭ። ቀጭ። ቀጭ። ወትሮ የሚያስቸግረውን ቃል በሌላ ቃል ሸውዶ ያልፍ ነበር፤ ዛሬ አንዱንም አልማረም። መርፌ ሰኪው ላቡን እየጠረገ፣ "ኧረ ይበቃል" ቢልም ገጹን እስከ ታች ወረደው። እንዲህ ጣፍጦት ተንተባትቦ አያውቅም።

"ጨርሰናል። የቀደሙትን ንባቦችም እሰርዛቸዋለሁ" አለች አጥኚዋ።

በያጁ ግን አልጨረሰም። በሩን ከፍቶ ኮሪደር ላይ የምትጠብቀውን ልጁን አስገባትና ከጎኑ አስቀመጣት።

"ያ... ያን ቀን ስለኔ የነገርካትን፣ አሁን ድ... ድገምላት" አለው መርፌ ሰኪውን።

ሰውየው አጥኚዋን አየ፤ ልጅቷን አየ። "እኔ... ማለቴ... እ..." አፉ ተሳሰረ።

ልጅቷ አባቷን ቀና ብላ አየችው። "አባዬ፣ እንሂድ?"

በያጁ መርፌዎቹን ከጆሮውና ከእጁ አንድ በአንድ እየነቀለ ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ተቀመጠ።

"ቀ... ቀስ ብለህ፣ አትቸኩል" አለው። "እ... እንጠብቅሃለን።"