ነጭ ትሁን የተባለችው ደሴት

ቀለም ቀቢዋ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የባሕር ካርታ ስትቀባ አንድም ቀን ትእዛዝ ጥሳ አታውቅም። ሕጉ ቀላል ነው፤ ሰው የሚኖርበት ደሴት ቀይ ይቀባል፣ ሰው የሌለበት ነጭ ይተዋል። ያን ዕለት ጠዋት ግን ባለ ማተሚያው ለአዲሱ አትላስ የታተሙትን የአንድ ካርታ አርባ ቅጂዎች ጠረጴዛዋ ላይ ቆለለና ጥግ ላይ ያለችውን ምስር የምታህል ደሴት በጣቱ ነካ አደረጋት።

"ይቺን ነጭ ተያት።"

"ሰው አለባት እኮ፣ አለቃ!"

"ካርታውን ያዘዘው ባለ መርከብ የለባትም ብሏል። ባለቤት የላትም አሰኝቶ ሊረከባት ነው። በስድስት ሰዓት መጥቶ ካርታዎቹን ይወስዳል። አንቺን ምን ቸገረሽ?"

ምን ቸገረሽ ይላል እንዴ! እናቷ የተወለደችው እዚያ ነው። ሁለት አጎቶቿ ዛሬም እዚያው ዓሣ ያጠምዳሉ። ደሴቷ ነጭ ሆና ከቀረች፣ ነገ አንድ መርከብ ሙሉ ዘበኛ ወርዶ ከገዛ ቤታቸው ሊያባርራቸው ነው። ደሟ ፈላ። ብሩሿን ቀዩ ውስጥ ነከረችና በአርባውም ላይ ደሴቷን ቀይ ቀባቻት።

ባለ ማተሚያው ሲያይ ክው አለ። ምላጭ አንሥቶ ቀዩን ሊፍቅ ሞከረ፤ ወረቀቱ ተቀደደ። ሁለተኛውም ተቀደደ።

"ጉድ ሠራሽኝ! ውጪልኝ! ሁለተኛ እዚህ ቤት እንዳላይሽ!"

ወጣች። እንጀራዋ እንደቀረ አውቃለች። ግን ቤቷ ከመንገዱ ማዶ ነውና ስድስት ሰዓት ሳይሞላ እናቷን ደግፋ ተመለሰች።

ባለ መርከቡ መጥቶ ካርታውን ዘርግቶ ባለ ማተሚያው ላይ ይጮሃል። "ማንም የለባትም አላልኩም?"

እናቷ ሰላምታም ሳትሰጥ ጠረጴዛው ላይ አጎነበሰች። ዓይኗ ደክሟል፤ ልጇ ጣቷን ይዛ ደሴቷ ላይ አሳረፈችላት።

"ይቺ ናት? በሞትኩት፣ እንዲህ ታንሳለች?" አለችና ሳቀች። ከዚያ ቀና ብላ ሰውየውን አየችው። "እኔን ታዲያ ማን ወለደኝ? ድንጋዩ?"

"እማማ፣ ቢበዛ ሁለት ሦስት ዓሣ አጥማጅ ቢኖር ነው።"

"እንቁጠራ!" አለች። ከወደቡ ጀመረች፤ ታላቅ ወንድሟ ከነስምንት ልጆቹ፣ ጎረቤቱ ጀልባ ሠሪው፣ አዋላጇ፣ የአዋላጇ መንታ ልጆች፣ መንቶቹ ያገቧቸው እህትማማቾች...

ባለ መርከቡ ትዕግሥቱ አለቀና ካርታውን ሊጠቀልል ሳብ አደረገው። አሮጊቷ መዳፏን ወረቀቱ ላይ ጫን አደረገች። ልጇም የራሷን ጨመረችበት።

"ቁጭ በል የኔ ልጅ" አለች አሮጊቷ። "ይሄ ገና የታችኛው ሰፈር ነው።"