የመስመር መጨረሻ

«ቀጣይ» አለች ፈታኟ ከውስጥ።

የገባው ልጅ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ጫማ አስሮ ለመጨረስ የሚበቃ ጊዜ እንኳ አልቆየም። መምህርቷ ኮሪደሩ ላይ ጠብቃ ትከሻውን ያዘችው።

«አነበብክላት?»

«አዎ፣ ቲቸር።»

«ሁሉንም?»

«በቃ ውጣ አለችኝ።»

ከእሱ በፊት የወጡትም ያሉት ይህንኑ ነው። ከክፍሉ አንደኛ የምትወጣው ልጅ እንኳ በቃሽ ተብላ መጥታ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። መምህርቷ ደሟ ፈላ።

ተማሪዎቿ እሷ በሌለችበት «ማስመሪያ» ይሏታል፤ ከብብቷ በማይለየው የእንጨት ማስመሪያ ምክንያት። ታውቃለች፤ አልከፋትም። ሰባ የአንደኛ ክፍል ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ ታጭቆ በፈገግታ ማንበብ ይማራል የሚል ካለ መጥቶ ያሳየኝ ባይ ናት። እሷ ዘንድ የሚንጫጫ ጥግ ይቆማል፤ እጁ አላርፍ ያለ እጆቹ ላይ ይቀመጣል። ክፍሏ ግን ያነባል። ያውም በአንድ ድምፅ፣ ዳይሬክተሩ ቢሮ ድረስ እየተሰማ። ዛሬ ጥፍሯን የተቀባች አንዲት ልጅ እግር ከትምህርት ቢሮ ሰዓት ይዛ መጥታ አያነቡም ልትል ነው።

ፈተናው እንዲህ ነው። ልጁ ብቻውን ወደ ዕቃ ክፍሉ ይገባል፤ አጭር ታሪክ የታተመበት ወረቀት ይሰጠዋል። ፈታኟ መርዳት ቀርቶ «ቀጥል» ማለት እንኳ አይፈቀድላትም። ልጁ ዝም ካለ ጥቂት ትታገስና ታሰናብተዋለች። የወደቀ ልጅ ከነገ ጀምሮ ዜሮ ክፍል ወርዶ ገና ፊደል ከሚቆጥሩት ጋር ይቀመጣል። መምህራን በሩን አልፈው እንዳይገቡ ተነግሯቸዋል።

ከሚፈተኑት አንዷ የገዛ እህቷ ልጅ ናት። እህትየው ዛሬ ጠዋት በር ላይ ጠብቃ፣ ሰው እየሰማ፣ ልቧን አድርቃዋለች። ልጄ ማታ ማታ በእንቅልፏ ትባንናለች፤ ይህን ሁሉ ችዬ ዝም ያልኩት ታነባለች ስላልሽኝ ነው፤ ዜሮ ክፍል ብትወርድ ግን ደጄን እንዳትረግጪ ብላታለች። መምህርቷም ልጅሽን ያሞላቀቅሻት አንቺ ነሽ ብላ መልሳላታለች። ሳይሰነባበቱ ነው የተለያዩት።

በንዴት ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባች። ፈታኟ ልጆቹን እያስፈራራች እንደሆነ፣ ከእናታቸው ጉያ ትናንት የወጡ ሕፃናት ከማያውቁት ሰው ጋር መዝጋት ግፍ እንደሆነ፣ ያላትን ሁሉ አወረደችበት። ዳይሬክተሩ ከወንበሩም አልተነሳ።

«የሌሎቹ ክፍሎች ልጆችም ሕፃናት ናቸው» አለ። «እነሱ በደህና እያነበቡ ወጡ። የሚወድቀው ያንቺ ብቻ ነው።»

«የኔ ክፍል ከሁሉም ይበልጣል፤ እርስዎም ያውቃሉ።»

«እኔ የማውቀው እንደሚጮኽ ነው። በቀቀንም ይጮኻል።»

በሩን በኃይል ዘግታበት ወጣች።

ስትመለስ የእህቷ ልጅ ገብታለች። መምህርቷ ወደ ጓሮ ዞራ፣ መስታወቱ በወለቀው መስኮት አጮልቃ ማየት ጀመረች። ትንሿ ልጅ ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛለች።

«ድመቷ ዛሬ ጠዋት ከአልጋው ሥር ገባች» ብላ አነበበች። አልተደነቃቀፈችም፤ የመጀመሪያውን መስመር እንደ ውሃ ጠጣችው። ከዚያ ቆመች።

ልጅቷ የምታየው ወረቀቱን አልነበረም፤ ቀና ብላ የፈታኟን እጅ ታያለች። ፈታኟ ስልኳ ላይ ሰዓቱን ተመለከተች።

የመምህርቷ ክንድ ሳታዘው ተነሳ። ማስመሪያው የመስኮቱን ደፍ ቋ አደረገው።

«እናቷ ብትጠራትም አልወጣ አለች» አለች ልጅቷ ወዲያው። መስመሩን ጨርሳ አሁንም ቆመች።

መምህርቷ ነገሩ ገባት። ሰባ ልጅ አንድ ላይ ሲያነብ ፈጣኑ ይሮጣል፣ ደካማው ይቀራል። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ በየመስመሩ መጨረሻ አስቁማቸዋለች። ማስመሪያው ጠረጴዛውን ሲመታ ወደሚቀጥለው ይሻገራሉ፤ ሳይመታ የተሻገረ መዳፉን ይዘረጋል። ዘዴው የራሷ ነው፤ ትኮራበትም ነበር። ዕቃ ክፍሉ ውስጥ ግን የሚመታላቸው የለም። ልጆቿ ማንበብ አላቃታቸውም፤ ፈቃድ እየጠበቁ ነው የወደቁት።

ፈታኟ እየጮኸች ወደ ጓሮ ዞራ መጣች፤ ፊቷ ቀልቷል። ጩኸቱን ሰምቶ ዳይሬክተሩም ደረሰ።

«ለልጅ ምልክት ሲሰጡ በዓይኔ አየሁ» አለች ፈታኟ። «ይህ ማጭበርበር ነው።»

«ማስመሪያው አምልጦሽ ነው?» አለ ዳይሬክተሩ መምህርቷን እያየ።

መውጫ ቀዳዳ መስጠቱ ነበር፤ ለእሷ አዝኖ ሳይሆን የትምህርት ቤቱ ስም በክፉ እንዳይነሳ ብሎ። አዎ ብትል ነገሩ እዚያው ይቀበራል። ልጆቹም አብረው ይቀበራሉ።

«አላመለጠኝም» አለች። «ሳላንኳኳ ከመስመር እንዳያልፉ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ያለፈውን እመታለሁ። እየጠበቁ ያሉት እኔን ነው።»

«ትመቻቸዋለሽ?»

«እመታቸዋለሁ። እንደማያውቁ አይሁኑ፤ የክፍሌና የቢሮዎ ግድግዳ አንድ ነው።»

ዳይሬክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይህን ወላጆች ፊት ትናገሪያለሽ?»

እህቷ ፊት ለፊት ተቀምጣ ታየቻት። «እናገራለሁ» አለች።

ፈታኟ አልራራችላትም፤ ደንቡን ግን ታውቀዋለች። «ያቋረጡብኝን ልጅ ፈተና መድገም እችላለሁ» አለች። «በሌላ ታሪክ፣ ያለ ምንም ምልክት። እስከ መጨረሻው ካነበበች የወጡትንም እንደገና አያቸዋለሁ። ካላነበበች ያሉት ሁሉ ሰበብ ነው። እስቲ የሚነግሯት ካለ አሁን ይንገሯት።»

ልጅቷ ኮሪደሩ ላይ ቀጥ ብላ ቆማለች። ቤት ውስጥ አክስቴ እያለች አንገቷ ላይ የምትጠመጠም ልጅ ናት፤ እዚህ ግን እግሮቿን ገጥማ «አቤት፣ ቲቸር» አለች። አግዳሚው ላይ የተደረደሩት ልጆች ያያሉ።

መምህርቷ ማስመሪያውን ከብብቷ አውጥታ ወደ ልጅቷ ዘረጋችው፤ ልትሰጣት።

ልጅቷ ቀኝ መዳፏን ገልብጣ ዘረጋች። ዓይኖቿን ጨፈነች።

ፈታኟ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። መምህርቷ አፈረች፤ በሕይወቷ እንዲህ አፍራ አታውቅም። ጎንበስ ብላ ማስመሪያውን መዳፏ ላይ አስቀመጠችላት። ትንንሾቹ ጣቶች አልታጠፉም፤ ሕመሙን ይጠብቃሉ።

«ያዢው» አለቻት። «ያንቺ ነው። መስመሩ ሲያልቅ ዝም ብለሽ እለፊ።»

ልጅቷ አንድ ዓይኗን ገለጠች። «ማን ያንኳኳልኛል?»

«ማንም።»

«ካለፍኩስ?»

«ካለፍሽ አለፍሽ ነው። አልመታሽም።»

ልጅቷ እንዳላመነቻት ፊቷ ላይ ይነበባል። ማስመሪያውን ደረቷ ላይ አቅፋ ገባች፤ በሩ ተዘጋ።

መምህርቷ አግዳሚው ላይ፣ በወደቁት ልጆች መካከል ተቀመጠች። ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላት፤ ጠጋ ያሉት ከፍቅር ሳይሆን እንዳትነካቸው ነው። ከውስጥ የመጀመሪያው መስመር ተሰማ፤ ጥርት ብሎ፣ እስከ መጨረሻው ቃል።

ከዚያ ዝም አለ።

ዝምታው ረዘመ። አግዳሚው እንጨት ነው፤ አንድ ጊዜ በጣቷ ብታንኳኳው ውስጥ ድረስ ይሰማል፤ ፈታኟም የልጆች እግር ነው ብላ ልታልፈው ትችላለች። ጣቷ ተነሳ። አጠገቧ ያለው ልጅ ጣቷን አየ፤ ከዚያ ፊቷን አየ።

ሁለት እጆቿን ከጭኖቿ ሥር አስገብታ ተቀመጠችባቸው።