የሴራሚኩ መኝታ ቤት

ሴራሚክ የሚለጥፍ ሰው ፊቱን ወደ ግድግዳ፣ ጀርባውን ወደ ሰው አድርጎ ነው የሚውለው። ባለቤቶቹ ጀርባዬን ሲያዩ የማልሰማ ይመስላቸዋል። አይፈረድባቸውም፤ ጀርባ ጆሮ ያለው አይመስልም። ስለዚህ የብዙ ሰውን ትዳር በመልክ ሳይሆን በድምፅ አውቃለሁ።

ባልና ሚስቱ ዓለምነውና ናዝራዊት ጎንደር ቁስቋም፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ያለውን አሮጌ ቤት የገዙት በነሐሴ ነው። እሱ በዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ ጂኦግራፊ ያስተምራል። እሷ ነርስ ናት፤ የሳምንቱን ግማሽ ሌሊት ትሠራለች። ከዚያ በፊት ስድስት ዓመት ማራኪ ሰፈር ተከራይተው፣ ከአሥራ አንድ ተከራይ ጋር ለአንድ ሽንት ቤት ሲሰለፉ ኖረዋል። ናዝራዊት በመጀመሪያው ቀን እንዲህ አለችኝ፦

“ጋሽ ደመቀ፣ ሳሎኑ ይቆይ። ኩሽናውም ይቆይ። መታጠቢያ ቤቱና መኝታ ቤቱ ግን ለኅዳር ቁስቋም ይድረሱልኝ።”

“እንግዳ አለ እንዴ፣ ሲስተር?”

“አባባ ይመጣሉ።”

አባባ ያለቻቸው የዓለምነውን አባት መሪጌታ ወልደኢየሱስን ነው። ከደባርቅ ወዲያ፣ ቆላ የለመደ ሰው በጥቅምት ሊረግጠው በማይደፍረው ብርድ ውስጥ፣ አንድ ደብር ዜማ ያስተምራሉ። በየዓመቱ ለቁስቋም በዓል ወደ ጎንደር ይወርዳሉ። የሚያድሩት ግን ልጃቸው ቤት አይደለም፤ በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ፣ በድሮ የዜማ ጓደኛቸው ጎጆ ነው። ልጃቸው ቤት ይመጣሉ፣ ወንበር ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ፣ ጃንጥላቸውን ጉልበታቸው ላይ እንዳስቀመጡ ይመርቃሉ፣ ይነሣሉ። ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነው። ለምን እንደሆነ ተናግረው አያውቁም። ናዝራዊት ግን ምክንያቱን ከሁለት አላሳለፈችውም፦ ወይ ያ የወረፋ ሽንት ቤት ነው፣ ወይ እሷ ናት። ሽንት ቤቱን መቀየር ይቻላል። ተቀይሮም ካላደሩ የሚቀረው አንድ ነው።

“አንድ ሌሊት ብቻ ይደሩልኝ፤ ሌላ ምንም አልፈልግ” ባሏን ስትለው ሰምቻለሁ። እኔ የወለሉን ውኃ ልክ እያየሁ ነበር።

ከሳሎኑ ጀርባ ጎን ለጎን ሁለት እኩል ክፍሎች አሉ፤ አንዱ በምሥራቅ፣ አንዱ በምዕራብ። መካከላቸው ስስ የብሎኬት ግድግዳ ነው። የትኛው ምን ይሁን ሲባል ብዙ አልተከራከሩም። ናዝራዊት ሌሊት ሠርታ ጠዋት ነው የምትተኛው፤ ፀሐይ ዓይኗ ላይ እንድትወጣባት አትፈልግም። ስለዚህ መኝታው በምዕራብ፣ መታጠቢያው በምሥራቅ ሆነ። ፀሐይዋ መታጠቢያውን ታድርቅ ተባለ። ቧንቧ ሠራተኛው አምሐም “ሸጋ ነው” አለ። አምሐ ሸጋ ነው የሚለው የሚቆፍረው ሲያጥርለት ነው።

ሴራሚኩን ናዝራዊት መረጠች፤ ሰማያዊ፣ መሐል መሐሉ ላይ ነጭ አበባ ያለበት።

“እስከ የት ልለጥፈው?”

“እስከ ጣሪያው።”

“ሲስተር፣ ሰው እኮ እስከ ጣሪያ አይረጭም።”

“እኔ የስድስት ዓመቱን ነው የምታጠበው።”

ለጠፍኩት። ወለሉን፣ አራቱንም ግድግዳ። ዓለምነው በበኩሉ ምዕራቡን ክፍል ያስጌጣል። ጣሪያው ላይ በጅፕሰም ጽጌረዳ አሠራ፣ ከጽጌረዳው መሐል ባለ አምስት አምፖል መብራት አንጠለጠለ፣ ግድግዳው ላይ ቁም ሳጥን አስገጠመ።

“የሙሽራ ቤት ነው እንዴ የምትሠራው?” አለችው።

“ስንጋባ መች ነበረን?” አላት።

የዚያኛው ክፍል በር ተዘጋ። እኔም ሥራዬን ቀጠልኩ።

በዓሉ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው አምሐ አዲሱን የሽንት ቤት መቀመጫ ተከለና ዳር ዳሩን ጠርጎ ቆመ። እኔ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ የሴራሚኩን ክፍተት በነጭ ሲሚንቶ እሞላለሁ። ዓለምነው ድሪል ተዋሰኝ። የእመቤታችንን ሥዕል ሊሰቅል ነው። በግድግዳው ማዶ ድሪሉ ጮኸ፣ ጮኸ፣ ከዚያ ከሽንት ቤቱ መቀመጫ በላይ፣ ልክ መሐሉ ላይ፣ አንድ ሰማያዊ ሴራሚክ ተሰነጠቀና የድሪሉ ጫፍ እየተሽከረከረ ብቅ አለ።

“ዓለምነው!” አልኩ።

“አቤት!” አለ በማዶ።

“እኛ ዘንድ ደርሰሃል።”

“ውይ! ጠለቀብኝ መሰለኝ።”

“ከግድግዳው ሁሉ ይኼን ምነው መረጥከው?”

“ሥዕል በምሥራቅ ነዋ የሚሰቀለው” አለኝ፤ እንደ ተማሪ ነው የመለሰልኝ።

  አምሐ እጁን ሰደደና የመቀመጫውን ክዳን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

የሚጸልይ ሰው ወደ ምሥራቅ ዞሮ ይቆማል። በዚያ መኝታ ቤት ወደ ምሥራቅ የዞረ ሰው፣ ስስ ብሎኬት ይጋርደው እንጂ፣ ፊት ለፊት የሚሰግደው ወደ ሽንት ቤቱ መቀመጫ ነው። ይህን ያላየው ደግሞ የመሪጌታ ልጅ ነው፤ ያውም የጂኦግራፊ መምህር። ምሥራቅን የሚያውቅበት ሁለት መንገድ ነበረው።

ናዝራዊት በድሪሉ ጩኸት ከእንቅልፏ ተነሥታ ከሳሎን መጣች። ቀዳዳውን አየች። ጎንበስ ብላ አንድ ዓይኗን አስጠጋች። ማዶ ባሏ ሥዕሉን ደረቱ ላይ ታቅፎ ቆሟል።

“ዓለምዬ፣ አባባ የሚጸልዩት ወዴት ዞረው ነው?”

“ወደ… ወዳንቺ።”

“እኔ ያለሁት የት ነው?”

“መካከላችን እኮ ግድግዳ አለ፣ ናዚ።”

“አሁን ቀዳዳም አለው።”

ዓለምነው ዞሮ መጣ። አራታችንም በተዘጋው ክዳን ዙሪያ ቆምን።

“ለምን ይነገራቸዋል? በምን ያውቃሉ?” አለ።

“ሊታጠቡ ሲገቡ ያውቁታላ! አባትህ እኮ በጨለማ ከአልጋ ተነሥተው ምሥራቅን የሚያገኙ ሰው ናቸው፤ እንዳንተ መሰሉህ?”

“እንግዲያው ሳሎን ይደሩ።”

“ሳሎን የሚያድር እንግዳ ነው። ሳሎን ካደሩ አልመጡም ማለት ነው።”  ከዚያ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገችና “ይገልበጥ” አለች።

“ምኑ?” አለ አምሐ፤ ገብቶት ነው የጠየቀው።

“ክፍሉ። ይኼ መኝታ፣ ያ መታጠቢያ።”

“የጠዋት ፀሐዩስ፣ ሲስተር?” አልኳት።

“ፀሐይ ላይ እተኛለሁ። ዓይኔን መጨፈን አያቅተኝም።”

አምሐ ክዳኑ ላይ ተቀመጠ። “ቧንቧው በወለሉ ሥር አራት ሜትር ይቆፈራል። ያውም ድንጋይ” አለ። ሸጋ ነው አላለም። እኔም የበኩሌን ተናገርኩ፦ ሴራሚክ ከተለጠፈ በኋላ ሲነቀል ይሰባበራል፤ ሱቁ ውስጥ ደግሞ ከዚህ ዓይነቱ አልቋል፤ የተረፈኝ ሦስት ካርቶን ብቻ ነው።

“እንግዲያው አትንቀለው” አለች።

“መኝታ ቤቱ እስከ ጣሪያ ሴራሚክ ሊሆን?”

“ምን አለበት? አንድ ቀን እንኳ ሰው አልተገለገለበት።”

እውነቷን ነው። ከአምሐ በቀር የተቀመጠበት የለም፤ እሱም ሱሪውን ለብሶ ነው።

የቀሩትን ቀናት እንደ ሠርግ ቤት ዋልንባቸው። ዓለምነው ከክፍል ሲመለስ ክራቫቱን ኪሱ ከትቶ ዶማ ያነሣል። አንድ ጊዜ ከጉድጓዱ ድንጋይ አውጥቶ ወደ ብርሃን አቀረበና “ይኼ ባዛልት ነው፤ ስንት ሚሊዮን ዓመቱ መሰላችሁ” ሲል፣ አምሐ “ዕድሜውን ስናከብርለት መሸ፤ ምታው” አለው። በአምስተኛው ቀን ቧንቧው አፉን እንደከፈተ፣ ሳምንት ጠፍቶ የሰነበተ ውኃ ድንገት ተለቀቀና ተወርውሮ የጅፕሰሙን ጽጌረዳ አጠጣው። ባልና ሚስቱ “ዝጉት!” ብለው በመጮህ ፈንታ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሥሩ ቆሙ። ሰው እስከ ጣሪያ አይረጭም ማለቴን ተሳስቼ ነበር።

ሲያልቅ እንዲህ ሆነ። መታጠቢያ ቤቱ ሴራሚኩ ከጉልበት አይበልጥም፤ ላዩ ላይ ግን ጽጌረዳ፣ ባለ አምስት አምፖል መብራትና የልብስ ቁም ሳጥን አለው። መኝታ ቤቱ ከወለል እስከ ጣሪያ ሰማያዊ ሆኖ ያብለጨልጫል፤ አልጋው መሐል ላይ ተቀምጧል። ሥዕሉ በምሥራቅ ግድግዳ፣ ከመስኮቱ አጠገብ ተሰቀለ። ከግድግዳው ማዶ የጎረቤት ጓሮ ነው፤ ጓሮው ውስጥ ምን እንዳለ ዓለምነው አጥር ላይ ወጥቶ አረጋገጠ። ጎመን ነው።

“ዋና ገንዳ ውስጥ የተኛን አይመስልም?” አላት በር ላይ ቆሞ።

“ዋኛ” አለችው።

ሳቀች እንጂ ሆዷ አልሳቀም። እብዶች ናቸው ይሉን ይሆን፣ የሆስፒታል ክፍል ነው የሰጡኝ ይሉ ይሆን እያለች ሦስት ጊዜ የአልጋ ልብስ ቀየረች።

ኅዳር አራት ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ መሪጌታ መጡ። እኔ የመኝታ ቤቱን ደፍ ሴራሚክ እያስተካከልኩ ነበር። ሥራው ትናንት ሊያልቅ ይችል ነበር፤ ያቆየሁት ለማየት ብዬ ነው።

ረጅም፣ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። ነጭ ጥምጥም፣ በአንድ እጅ መቋሚያ፣ በአንድ እጅ ጃንጥላ። ሳሎን ገቡ፣ የወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ፣ ጃንጥላውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ናዝራዊት ጃንጥላውን አየች። እኔም አየሁት።

“ቤታችሁን እግዚአብሔር ይባርክላችሁ። የእኛ ሐኪም፣ ደኅና ነሽ?”

“ደኅና ነኝ አባባ። ይነሡና… ማደሪያዎን ይዩት።”

እኔን ተሻግረው ገቡ። ቆሙ። ግድግዳውን አዩ፣ ወለሉን አዩ፣ ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ።

“ይኼ መኝታ ቤት ነው?”

“አዎ አባባ።”

“ሰማያዊ ነው።”

“አዎ አባባ።”

“እስከ ላይ ድረስ።”

ዓለምነው ፈጠን ብሎ “ለጤና ነው አባባ፣ ተባይ እንዳይዝ ብለን…” ሲል፣ ናዝራዊት አቋረጠችው። “አይደለም። ተሳስተን ነው” አለችና ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ተናገረችው፦ ፀሐዩን፣ ድሪሉን፣ ቀዳዳውን፣ ወደ የት ሊሰግዱ እንደነበር፣ አራቱን ሜትር። ስትጨርስ አንገቷን ደፋች።

“ለእኔ ጸሎት ብላችሁ ነው ቤቱን የገለበጣችሁት?” አሉ። መልስ አልጠበቁም። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ያ የጉሮሮ ድምፅ ከአንዱ ሴራሚክ ወደ ሌላው ተላልፎ፣ አራቱን ግድግዳ ዞሮ፣ ወፍሮ ተመለሰ። መሪጌታ ከኋላቸው ሰው ያለ መስሏቸው ዞሩ። ማንም የለም። እንደገና ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ይኼኛው ግን አላስፈለጋቸውም ነበር። ከዚያ ቀስ ብለው አንድ “ሃሌ ሉያ” አወጡ።

የድምፃቸውን ነገር ዓለምነው ኋላ ነው የነገረኝ። ከሦስት ዓመት ወዲህ ቀጥኖባቸዋል። ማኅሌት ላይ እንዲሰሙ ተማሪዎቻቸው የራሳቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ እሳቸውም ዝቅ ማድረጋቸውን ያውቃሉ። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን ዝቅ ያለላቸው የለም። ቀጭኑ ድምፅ ወጣ፣ ሴራሚኩ ተቀበለውና ጎልማሳ አድርጎ መለሰው። ዓይናቸው ተከፈተ። መቋሚያቸው ወለሉን መታ፤ ወለሉም እንደ ደወል መለሰ። ከዚያ በኋላ ማን ያቆማቸው። የጎረቤት ሰው አጥሩ ላይ ተንጠለጠለ። ዓለምነው የበሩን መቃን ተደግፎ እንደ ልጅ አፉን ከፍቶ ቀረ። እኔም በሥራ ዘመኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን ወደ ሰው አዞርኩ።

ሲጨርሱ ላባቸውን ጠረጉ።

“ማነው የሠራው?”

“እኔ ነኝ፣ የኔታ።”

“የማን ተማሪ ነህ?”

“የማንም። እያየሁ ነው የለመድኩት።”

“ሸጋ አድርገህ ለምደሃል።”

ከዚያ አልጋው ላይ ተቀመጡ፤ ጫፉ ላይ አይደለም፣ መሐሉ ላይ። ጃንጥላቸውን ወደ ናዝራዊት ዘረጉና “ልጄ፣ ይኼን የት ታስቀምጪልኛለሽ?” አሉ።

ናዝራዊት ጃንጥላውን በሁለት እጇ ተቀብላ ሮጠች። ቁም ሳጥኑ መታጠቢያ ቤት ውስጥ መሆኑን የረሳችው ይመስለኛል፤ መጀመሪያ ወደ ኩሽና ነው የገባችው።

በበዓሉ ማግሥት ወደ አገራቸው ይሄዳሉ ብዬ ነበር። ኅዳር አሥር ጠዋት በዚያ ሳልፍ ሰላም ልበላቸው ብዬ ገባሁ። ከመኝታ ቤቱ የሁለት ሰው ዜማ ይሰማል፤ ባለ ጎጆው ጓደኛቸው ተጠርተው መጥተዋል። ዓለምነው ክፍል ረፈደብኝ ብሎ እየሮጠ ወጣ፤ የለበሰው ሸሚዝ ከመታጠቢያ ቤቱ ቁም ሳጥን እንደወጣ እርጥብ ነው። የሳሎኑ ወለል ላይ ፍራሽ ተዘርግቷል። ናዝራዊት ከሌሊት ሥራ ገብታ፣ ዩኒፎርሟን እንኳ ሳታወልቅ፣ ትራስ ፊቷ ላይ አድርጋ ፍራሹ ላይ ተጋድማለች።

“ሲስተር፣ በሩን ልዝጋልሽ?”

“ተወው” አለች ከትራሱ ሥር። “እስከ ገና እቆያለሁ ብለዋል።”

“እንቅልፍ አይነሡሽም?”

“ይነሡኛል እንጂ!” አለች፤ ሳቋ ትራሱን አንቀጠቀጠው። ከውስጥ መቋሚያ ወለሉን መታ፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች ዜማውን ከፍ አደረጉት።