ከውስጥ የሚዘጋ በር

ሐምዱ ሞጣ ገበያ ዳር ሚስማር፣ ቆርቆሮና የበር ዕቃ ሲሸጥ ሃያ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ሚስቱ ስትሞት ትታለት የሄደችው አንዲት ሴት ልጅ፣ ዘሚራ፣ ነርስ ሆና ቢቸና ስትመደብ ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን ደስ አለህ ብሎታል።

ዘሚራ ቢቸና የተከራየችው ይርገዱ ከምትባል ባልቴት ግቢ፣ በስተጓሮ ካሉት ሦስት ክፍሎች አንዱን ነበር። አንድ ቀን ደውላ ከወሬው መሀል፣ «አባባ፣ በሩ እኮ ከውስጥ አይዘጋም። ጀሪካን ውኃ ሞልቼ አስደግፈዋለሁ» አለችው። ደንበኛ ቆሞበት ነበርና፣ «ለዐረፋ ስትመጪ መቀርቀሪያ ትወስጃለሽ» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

ዐረፋ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ዘሚራ ተረኛ ሆና አድራ ጧት ገብታ በተኛችበት፣ ሌባ ጀሪካኑን ገፍቶ ገባ። ስትነቃበት ገደላት። ሰውየው በማግስቱ ተያዘ፤ ተፈርዶበትም ወህኒ ወረደ።

ፍርዱ ሐምዱን አላሳረፈውም። ሱቁን ከፍቶ ይቀመጣል፤ ሰው መቀርቀሪያ ሲጠይቀው ግን ከመደርደሪያው ለማውረድ እጁ እንቢ ይለዋል። ዓመቱ ሊሞላ ሲል፣ አንድ ሰኞ፣ ካርቶን ሙሉ መቀርቀሪያ፣ ብሎንና መብሻ ይዞ ቢቸና ሄደ።

ቤት ለቤት እየዞረ፣ «ተከራይ አለዎት? በሩ ከውስጥ ይዘጋል?» ይላል። የማይዘጋ ከሆነ ራሱ በስቶ ይገጥማል፤ ዋጋ አይቀበልም። ብዙው ሰው መረቀው። ባንተአምላክ የሚባል አከራይ ግን ለጎረቤቱ ያንሾካሾከ መስሎት፣ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለ።

ሐምዱ ብሎኑን ማጥበቁን ሳይተው፣ «ጅቡ አንድ ብቻ አይደለም፣ ወንድሜ» አለው።

ለሦስት ሳምንት በየሰኞው ቢቸና ሲመላለስ የይርገዱን ግቢ ግን ሸሸው። በአራተኛው ሰኞ በዚያ ሠፈር የቀረው ግቢ የእሷ ብቻ ሆነና አንኳኳ። ይርገዱ ገና ስታየው የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አደረገች። የመጣበትን ሲነግራት ራሷን ነቀነቀች።

«ይህን እንኳ አልፈቅድም» አለች።

«ለምን፣ እታለም?»

«ዛሬ ባስገጥም፣ አገሩ ያን ጊዜ ብታስገጥመው ኖሮ ይለኛል። ልጅዎን የገደልኳት እኔ ልሆን ነው።»

ሐምዱ ካርቶኑን መሬት አስቀመጠ። ይህችን ሴት ዓመት ሙሉ በልቡ ሲከሳት ኖሯል፤ ለዚህ ቀን ያዘጋጀው ቃልም ነበረው። ፊቷን ሲያይ ግን ሌላ ቃል ወጣው።

«እርስዎ መቀርቀሪያ አልነበረዎትም። እኔ ሱቅ ሙሉ ነበረኝ። ነግራኝ ነበር፤ ለዐረፋ አልኳት።»

ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ይርገዱ ነጠላዋን ከአፏ አወረደች። ከዚያ ወደ ጓሮ ተራመደች፤ እሱም ተከተላት።

የዘሚራን ክፍል አሁን የያዘችው ስርጉት የምትባል አስተማሪ ነበረች። ሐምዱ ወደ ውስጥ ላለማየት ዓይኑን ከመቃኑ ሳይነቅል በሳ፤ ገጠመ፤ አጠበቀ።

«እስቲ ዝጊው፣ ልጄ» አላት።

ዘጋችው። ከውጭ ሆኖ በትከሻው ገፋ፤ በሩ ንቅንቅ አላለም። ደግሞ ገፋ። ሦስተኛ ሲገፋ ይርገዱ ክንዱን ያዘችው።

«ይበቃል፣ ወንድሜ። ይዟል» አለችው።

ግንባሩን በሩ ላይ አስደግፎ አለቀሰ። በቀብሯ ቀን ሰው ከብቦት ያላለቀሰው ልቅሶ ነበር። ስርጉት ምን እንደሆነ ገብቷት፣ እሱ እስኪሄድ በሩን አልከፈተችም።

በሚቀጥለው ሰኞ ከመኪና ሲወርድ ይርገዱ መናኸሪያው በር ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«ከወዲያኛው ሠፈር አከራዮቹ ሴቶች ናቸው። ወንድ ሲያንኳኳ አይከፍቱም፤ እኔን ይሰሙኛል» አለችና ፊት ፊት መራችው።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ አብረው ይዞራሉ። አንኳኩታ የምታስረዳው እሷ ናት፤ የሚበሳውና የሚገጥመው እሱ። የቀበሌው ስብሰባ ላይም ተነሥታ፣ ከውስጥ የማይዘጋ ክፍል እንዳይከራይ አስወስናለች፤ የሚያከብረውም የማያከብረውም አለ። እስካሁን መቶ አርባ በር ላይ መቀርቀሪያ ገጥመዋል። ከገበያው ማዶ ያሉት ቤቶች ይቀራሉ፤ ባለፈው ሰኞ ዝናብ ይዟቸው አልደረሱባቸውም።