አጎቴን ይቅርታ ልጠይቅ የሄድኩ ቀን

አጎቴ ፕራሰርት ሊሞት ነው ሲሉኝ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ምን አባቴ ልዋሽ? የደወለችልኝ ታላቅ እህቴ ሶምጂት ናት።

«ግማሽ አካሉ ከከዳው ስድስት ወር ሞላው። እግሩም በስኳሩ ቆስሎ አልድን ብሏል። ለዘንድሮው ሶንግክራን፣ ለአዲስ ዓመቱ የውሃ በዓል፣ ካልመጣህ ለከርሞ የምታገኘው የተቃጠለ ሬሳውን አመድ ነው» አለችኝ።

«አመዱን አስቀምጪልኛ!»

«አንተ ባለጌ! ያሳደገህ ሰው እኮ ነው!»

እውነቷን ነው፣ አሳድጎኛል። እናትና አባቴ ባንኮክ ለባንኮክ ሲሚንቶ ሲሸከሙ፣ ከአራት ዓመቴ ጀምሮ ያጎረሰኝ የአጎቴ እጅ ነው። የደበደበኝም ያው እጅ ነው። በጉብዝናው ወራት በየቤተ መቅደሱ ክብረ በዓል እየዞረ በክርንና በጉልበት ጭምር የሚመታበትን የታይ ቦክስ የሚጋጠም ሰው ነበር። ጉልበቱ ሲደክም ተዋጊ አውራ ዶሮ ወደ ማርባት ዞረ። ዶሮ ሲሸነፍበትም እኔ አለሁለት። በጎሽ ገመድ፣ በቀርከሃ፣ በእርግጫ፣ ያልቀመስኩት የለም። አስር ዓመቴ ላይ የምርጡን አውራ ዶሮ ቅርጫት በደንብ ሳልከድን ቀረሁና ውሻ በላው። ያን ቀን አጎቴ ክርኑን ቀኝ ጆሮዬ ላይ አሳረፈው። ሦስት ቀን ሙሉ ትራሴ ላይ ደም ፈሰሰ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ጆሮ ሰምቼ አላውቅም።

ለልጄ ለፋይሊን ግን በልጅነቴ ትኩሳት ይዞኝ ነው ብያታለሁ። አስራ አንድ ዓመቷ ነው። የተወለደች ቀን፣ ገና ስሟ ሳይወጣ፣ ይህ እጄ ሰው ላይ አይነሳም ብዬ ማልኩ። እሷ ላይ ቀርቶ እናቷም ላይ፣ የምሠራበት ፋብሪካ አለቃም ላይ፣ አውቶቡስ ውስጥ እግሬን የረገጠኝ ሰካራም ላይም አላነሳሁትም። ሌላ የምኮራበት ነገር የለኝም። ትምህርት ቤት ስለ አባታችሁ ጻፉ ሲባሉ «አባቴ አይማታም» ብላ ነው የጀመረችው። ወረቀቱን እስከ ዛሬ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው እዞራለሁ።

እንሂድ ያለችኝም እሷው ናት። «አባዬ፣ ያሳደገህን ሰው ሳላየው ሊሞት ነው?» አለችኝ። ምን ልበላት? ለበሽተኛ የሚሆን ዱቄት ወተትና ለአልጋው የሚነጠፍ ላስቲክ ገዝተን ሌሊቱን በአውቶቡስ ተጉዘን በበዓሉ ጠዋት መንደራችን ደረስን። መንገዱ ዳር በርሜል የጫነ መኪና ቆሞ ጎረምሶች አላፊ አግዳሚውን ውሃ ይደፉበታል። ፋይሊን ከእግር እስከ ራሷ ርሳ ትስቃለች። እኔ ዱቄት ወተቱ እንዳይረጥብ ብብቴ ሥር ሸሽጌ እራመዳለሁ።

ቤቱ ከፍ ባሉ ምሰሶዎች ላይ የቆመ ነው። አጎቴ ደረጃ መውጣት ስለማይችል ከቤቱ ሥር፣ ድሮ ዶሮዎቹ በሚታሰሩበት ቦታ፣ የቀርከሃ አልጋ ዘርግተውለታል። ሚስቱ፣ አክስቴ ላምዱዋን፣ አጠገቡ ተቀምጣ ያልበሰለ ፓፓያ ለሰላጣ ትወቅጣለች። የእህቴ ባል ቶንግሱክ ቢራውን ይዞ ገና ከሩቅ ሲያየኝ ጮኸ።

«ደንቆሮው መጣ! ኧረ በሰላም ነው? በየትኛው ጆሮህ ሰምተህ መጣህ?»

ሁሉም ሳቀ። በዚህ መንደር ስሜ ኮምሳን ሳይሆን ደንቆሮው ነው። ያደነቆረኝን ሰው ግን ማንም ደብዳቢው ብሎ ጠርቶት አያውቅም።

«አባዬ፣ ለምን እንደዚያ ይሉሃል?» አለች ፋይሊን።

«ቀልድ ነው» አልኳት።

አጎቴ ቆዳና አጥንት ሆኗል። አፉ ወደ አንድ ጎን ተጣሟል፤ ቀኝ እጁ ሆዱ ላይ እንደ ሰው ዕቃ ተጋድሟል። የእግሩ ቁስል በስስ ጨርቅ ተሸፍኖ ዝንብ ያንዣብብበታል። ግራ ዓይኑ ግን ያው የድሮው ዓይን ነው። አየኝ፤ እኔም እንደ ድሮው ዓይኔን ሰበርኩ። የአርባ ዓመት ሰው ነኝ፣ የአልጋ ቁራኛ ፈራሁ።

ሶምጂት ጎድጓዳውን የብር ሳህን የጃስሚን አበባ በተንሳፈፈበት የሽቶ ውሃ ሞልታ አመጣች። ልማዱ የታወቀ ነው። ታናሽ ተንበርክኮ በታላቁ መዳፍ ላይ ውሃ ያፈሳል፤ በእጄ፣ በአፌ፣ በልቤ የበደልኩህ ካለ ይቅር በለኝ ይላል። ታላቅም ይቅር ብሎ በርጥብ እጁ የታናሹን ራስ ነክቶ ይመርቀዋል። ታላቅ ታናሹን ይቅርታ የሚጠይቅበት ቀን ግን አልተሠራልንም።

ሶምጂት ቀድማ አፈሰሰች፤ እያለቀሰች ተመረቀች። ባሏ ቢራውን መሬት አስቀምጦ አፈሰሰ። ከዚያ ሳህኑን ሰጡኝ።

«ምላስህን ሰብሰብ አድርግ» አለችኝ ሶምጂት በደህናው ጆሮዬ። «ነገ የለውም።»

ተንበረከክሁ። ፋይሊንም ከጎኔ ተንበረከከች። አክስቴ ሙት የሆነውን እጁን ወደ ደህናው አስጠግታ ያዘችልኝ። አፈሰስሁና ቃሉን እንደ ድንጋይ አንድ በአንድ ከአፌ አወጣሁት። በእጄ። በአፌ። በልቤ። ይቅር በለኝ አልኩት። አልኩት እኮ! እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ሰው እንደሆንኩ ወደ ቤቴ እመለስ ነበር።

አጎቴ ራሱን ከትራሱ ቀና አደረገ። ቃሉ ከተጣመመው አፉ ቀስ እያለ፣ ግን ጥርት ብሎ ወጣ።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አለ። «ስለ ዶሮው።»

አክስቴ እንባዋን ጠረገች። «ቅርጫቱን መክደን ረስተህ ዶሮውን ውሻ መብላቱ ሰላሳ ዓመት ሙሉ ሆዱ ውስጥ ነበረ» አለች። «አየህ? ዛሬ ማረህ!»

ሳቄ መጣ፤ ሳቅ ግን አልነበረም። «ስለ ጆሮዬስ፣ አጎቴ?»

«የቱ ጆሮ?»

«ይሄ! በክርንህ ያደነቆርከው!»

ፋይሊን ቀና ብላ አየችኝ። ሶምጂት ከኋላ ሸሚዜን ጎተተችኝ። አጎቴ ግን አልተቆጣም፤ እንዲያውም በግማሽ አፉ ፈገግ አለ።

«በሬውን የሚወድ ያስረዋል፣ ልጁን የሚወድ ይመታዋል» አለ። «መትቼ ሰው አደረግሁህ። አንተስ ይቺን ትመታታለህ?» አለና ደህናውን ግራ እጁን ወደ ፋይሊን ራስ አነሳ።

ውሃ የሚንጠባጠብበት፣ ከአጥንት በቀር ምንም የሌለው እጅ ነበር። እኔ የታየኝ ግን የድሮው እጅ ነው። ክርኔ ከእኔ ቀድሞ ሄደ። ቅንድቡ ላይ አረፈ፤ ግንባሩ እንደ በሰለ ፍሬ ተሰነጠቀ። ሁለተኛውን አፉ ላይ፣ ሦስተኛውን ደረቱ ላይ አሳረፍሁት። የቀርከሃው አልጋ ተሰብሮ መሬት ወረደ። እኔም አብሬው ወርጄ በጉልበቴ ደረቱን ተጭኜ «ስማኝ! አሁን ስማኝ!» እያልኩ መታሁት። ደስ ይል ነበር። ይህንንም አልዋሽም፤ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ያለኝ ጊዜ የለም።

ቶንግሱክ አንገቴን ከኋላ አንቆ ሊያነሳኝ ሞከረ፤ እጁን ነከስኩት። ሌላ ሰው ጎኔን በእርግጫ አለኝ። ከዚያ ጀርባዬ ላይ አንድ ከባድ ነገር አረፈ፤ ዞር ስል አክስቴ ላምዱዋን ናት፤ የፓፓያውን ዘነዘና በሁለት እጇ ይዛዋለች።

«በባሌ ላይ! በሽተኛ ላይ! አውሬ!» እያለች ደገመችኝ። ትከሻዬ ሲሰበር ተሰማኝ።

«ያኔስ?» ብዬ ጮኽሁ። «እኔ ስደበደብ ይሄ ዘነዘና የት ነበር?»

ዘነዘናው አየር ላይ ቆመ። ቶሎ ብላ ፊቴ ላይ አወረደችው፤ ሁለት ጥርሴ ከደም ጋር መሬት ላይ ወደቀ።

ጎትተው አወጡኝ። ጎረቤቱ ሁሉ ውሃ መራጨቱን ትቶ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሏል። አጎቴን ቀና አድርገው ሲያስቀምጡት ደም ግማሽ ፊቱን ሸፍኖታል። ሞተ ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ትንፋሹ እየተቆራረጠ ዙሪያውን በዚያ ዓይኑ አየና በኩራት ተናገረ።

«ክርኑን አያችሁት? እኔ ነኝ ያስተማርኩት። የኔ ልጅ ነው!»

ሶምጂት ሁለት እጇን ራሷ ላይ አድርጋ አጠገቤ ቆማለች። «ሊመርቃት ነበር እኮ» አለችኝ። «ሊመርቃት ነበር፣ አንተ ውሻ!»

ሊመርቃት ይሁን ሊቆነጥጣት እኔ አላውቅም። ሳላውቅ ነው የመታሁት፤ እሱም ስንቱን ሳያውቅ መትቶኛል።

አጎቴን በቶንግሱክ መኪና ጭነው ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዱት። ከግቢው ውጣ ተብዬ በሩ ጋ፣ የማንጎው ዛፍ ሥር ተቀመጥሁ። ትከሻዬ አልንቀሳቀስ ብሏል፤ ደሜ ከአፌ ሸሚዜ ላይ ይወርዳል። ፋይሊንን በዓይኔ ፈለግኋት። ከተሰበረው አልጋ አጠገብ ጎንበስ ብላ የብሩን ሳህን ስታነሳ አየኋት። ከእንስራው ውሃ ቀዳችበት። ደሜን ልታጥብልኝ መስሎኝ ልቤ ተላወሰ። ልጄ ናት፤ ምን ቢሆን ልጄ ናት አልኩ።

መጥታ ፊት ለፊቴ ተንበረከከች። ሳህኑ እስከ አፉ ሞልቶ ውሃው ጭኗ ላይ ይፈሳል። ዓይኔን አላየችም። እንደ ትልልቆቹ ቀስ ብላ መዳፌ ላይ አፈሰሰችው፤ ደሙ ከውሃው ጋር በጣቶቼ መሃል ወረደ።

«በእጄ፣ በአፌ፣ በልቤ የበደልኩህ ካለ፣ አባዬ፣ ይቅር በለኝ» አለች።

«ምን በድለሽኝ ነው፣ ልጄ?»

«እኔ እንጃ» አለች። «ብቻ ይቅር በለኝ። ቅርጫት ብረሳም ይቅር በለኝ።»

«ፋይሊንዬ፣ እኛ ቤት ዶሮ እንኳ የለም።»

«ሌላም ነገር ብረሳ።»

«አንቺን በጭራሽ አልመታም» ልላት አሰብኩ፤ ቃሉ ግን በደም የተሞላው አፌ ውስጥ ቀረ። ደህናውን እጄን ራሷን ልዳብስ፣ ልመርቃት አነሳሁ።

ሳህኑን ጣለችና በሁለት እጇ ራሷን ሸፈነች።